የሰመር ሞግዚት ክፍያ ስትተምኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ትምህርት ቤት በጁን ተዘግቶ እስከ ኦገስት መጨረሻ ድረስ ልጆች ወደ አሥር ሳምንት ገደማ ቤት ይውላሉ። ወላጅ ሥራ ስለማይቀር ለግማሽ ቀን ወይም በሳምንት ለሦስት ቀን ልጅ የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል። ቅሬታ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ዋጋ ሳይሆን ሳይቆጠር በሚቀረው ነገር ነው።

1. «ደስ ያላችሁን ስጡኝ» የሚለውን እንደ ስምምነት መቁጠር

ጠባቂዋ ብዙ ጊዜ ዘመድ፣ የጎረቤት ልጅ ወይም በቤተ ክርስቲያን የምታውቋቸው እናት ናቸው። እሳቸው «ደስ ያላችሁን» ሲሉ በልባቸው የያዙት ዋጋ አለ፤ እናንተም የያዛችሁት አለ። ፖስታው ተከፍቶ ሲያንስባቸው በይሉኝታ ዝም ይሉና በሦስተኛው ሳምንት «አሞኛል» ብለው ይቀራሉ። «እትዬ፣ ያሰብነው በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 21 ሰዓት ነው፤ ዓርብ ዓርብ እንከፍላለን፤ ይስማማዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

2. ጎረቤት የከፈለውን መቅዳት

አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመዳችሁ የሚከፍለው ለሲልቨር ስፕሪንግ ላይሠራ ይችላል። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ዶላር ነው፤ የሜሪላንድ 15 ዶላር ሲሆን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ ከፍ ያለ የራሱ ወለል አለው። ዲሲ በጁላይ 2025 ወደ 17.95 ዶላር ገብታለች። ዲሲም ሞንትጎመሪም ወለላቸውን የሚከልሱት በየዓመቱ ጁላይ 1 ነው፤ በጁን ወለሉ ላይ የተስማማችሁበት ዋጋ በሰመሩ መሃል ከሕግ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከወለሉ ተነሡና ለሁለተኛው ልጅ በሰዓት 1 ወይም 2 ዶላር ጨምሩ። ዳይፐር ላለው ሕፃንና ለልምድም እንዲሁ ጨመር አድርጉ።

3. ሰዓቱን አሳንሶ መቁጠር

እናት 5፡30 እደርሳለሁ ብላ 495 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ቆሞባት 6፡10 ትደርሳለች። 40 ደቂቃ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለአሥር ሳምንት ከሆነ ግን 20 ሰዓት ይሞላል፤ በ20 ዶላር ሂሳብ ጠባቂዋ 400 ዶላር ቀርቶባታል ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፉና የገባችበትን የወጣችበትን ሰዓት በየቀኑ ራሷ ትጻፍ። በአሜሪካ ሰዓት ይሁን፤ «ጠዋት 2 ሰዓት» እና «8 ሰዓት» ብሎ መሳሳት ገና እንግዳ ለሆነች ሴት ቀላል ነው።

የልጆቹ የሰመር ካምፕ 3፡30 አልቆ እስከ 6 ለሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ስትፈልጓትም አስቡ። በአውቶቡስ ደርሶ መልሱ ሌላ ሁለት ሰዓት ይወስድባታል። እንዲህ ላለ ቀን ቢያንስ የሦስት ሰዓት ክፍያ ቁረጡላት፤ ካልሆነ ሙሉ ቀን ሥራ ባገኘች ማግስት ትሄዳለች።

4. «እግረ መንገድሽን»

እግረ መንገድሽን ልብሱን አጥፊው፣ ሽሮዋን ጣጂያት፣ ዕቃውንም። ልጆች የበሉበትን ማንሳት የልጅ ጥበቃው አካል ነው። የቤተሰቡ ልብስና እራት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ይለያል። በተለይ ልጁ ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ ወይም ገና ሲድህ፣ ምጣድ ላይ ያለች ሴት ልጅ እየጠበቀች አይደለም።

5. ነዳጁን መርሳት

በራሷ መኪና ልጆቹን ወደ ቤተ መጻሕፍትና ዋና ቦታ ካመላለሰች በማይል ክፈሏት፤ የአይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) የ2026 ተመን በማይል 72.5 ሳንቲም ነው። በቀን 12 ማይል 8.70 ዶላር፣ በሦስት ቀን 26.10 ይሆናል። መንዳቱም የሥራ ሰዓት ስለሆነ ለብቻው ይቆጠራል። ኢንሹራንሷ የሌላ ሰው ልጅ በክፍያ ማመላለስን የሚሸፍን መሆኑን አስቀድማ ትጠይቅ።

6. የምትቀሩበትን ሳምንት አለመነጋገር

በጁላይ 4 ሰሞን ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሌላ ከተማ ስትሄዱ የእሷ የቤት ኪራይ አይቆምም። በሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ካሳወቃችሁ ግማሽ፣ በድንገት ከሆነ ሙሉውን መክፈል ተገቢ ነው እንላለን።

7. ታክሱን በመጨረሻ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። በ2026 ለአንድ ሰው በዓመት 3,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከከፈላችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) ግብር ይመጣል፤ ከእናንተ 7.65 ከመቶ፣ ከእሷም እንዲሁ። በሳምንት 420 ዶላር ለአሥር ሳምንት 4,200 ነው፤ የእናንተ ድርሻ 321.30 ይጨመርበታል። ከእሷ ሲቆረጥ በየሳምንቱ እጇ የሚገባው 387.87 ነው። ስለዚህ «20 ዶላር» ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሳትጀምር ተነጋገሩ። ከዚያም ደብሊው-2 (የዓመቱን የደመወዝና የግብር ማስረጃ) ትሰጧታላችሁ፤ በግብራችሁ ላይ ስኬጁል ኤች (የቤት ሠራተኛ ግብር ቅጽ) ታያይዛላችሁ። ከ18 ዓመት በታች ያለች ተማሪ ከዚህ ግብር ነፃ ናት።

«ግብር ሳይቆረጥ በጥሬው ይሻላል» ብትልም አስረዷት። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ክሬዲት (በሥራ የሚጠራቀም ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በ2026 አንዱ በ1,890 ዶላር ደመወዝ ይገኛልና ይህ የአንድ ሰመር ሥራ ሁለት ክሬዲት ይሰጣታል። ሃምሳ ዓመት አልፏት ለመጣች እናት ሁለት ክሬዲት ብዙ ነው። ለእናንተም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ ለመጠየቅ በፎርም 2441 ላይ ስሟ፣ አድራሻዋና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ ይጻፋል፤ የሚታሰበውም ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ነው።