ለመስክ ሥራ የማይናወጥ ትልቅ ፎርማት ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

4 በ5 ኢንች ፊልም በሚጠቀም ትልቅ ፎርማት ካሜራ ከቤት ውጭ የተነሳ ፎቶ ሲደበዝዝ ሌንሱን ከመውቀስ በፊት የካሜራውን ማጥበቂያዎች መፈተሽ ይሻላል። የሌንሱ ቀዳዳ ጠቦ በኤፍ 22 ወይም በኤፍ 32 ሲነሳ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ለሰከንድ ክፍልፋይ፣ አንዳንዴም ለብዙ ሰከንድ ክፍት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ትንሹም ንቅናቄ ፊልሙ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ የሚጠቀሙበትን ረጅሙን ሌንስ ይወስኑ። ሌንሱንና ፊልሙን የሚያገናኘው ተጣጣፊ ጥቁር ሽፋን፣ ቤሎውስ፣ ምን ያህል መዘርጋት እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። 150 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለሩቅ ነገር 150 ሚሊ ሜትር ያህል ዝርጋታ ይበቃዋል፤ አበባን በእውነተኛ መጠኑ ለማንሳት ግን 300 ይጠይቃል። ካሜራው እስከ ጫፉ ሲዘረጋ ይላላል፤ ስለዚህ ከሚያስፈልግዎ ትንሽ የሚተርፍ ዝርጋታ ያለውን ይምረጡ።

እንደ ሊንሆፍ ቴክኒካ ያለ የብረት ካሜራ ከ2.5 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ኢንትሬፒድ የተባለው የእንጨት ካሜራ ደግሞ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደት ብቻውን ግን ጥንካሬ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው በሙከራ ነው።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዙ ከባዱን ሌንስ ይግጠሙ፤ ካሜራውን ዘርግተው ሁሉንም ማጥበቂያ ያጥብቁ። ምስሉ በሚታይበት የኋላ መስታወት ላይ አንድ ነጥብ በአጉሊ መነጽር እያዩ ሌንሱን የያዘውን የፊት ፍሬም በጣት በቀስታ ይግፉ። ነጥቡ ቢንቀሳቀስ እንኳ ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ችግር የለውም፤ በሄደበት ከቀረ ማጥበቂያው አልቋል። ቀጥሎ የፊልም መያዣውን አስገብተው ያውጡና ነጥቡን እንደገና ይዩ። ብዙ ካሜራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መያዣው ሲገባ የኋላውን ፍሬም ይገፋዋልና። ፎከሱ ከተዛባ ያንን ካሜራ ባይገዙ ይሻላል።

ከዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ቤሎውሱን ዘርግተው የእጅ ባትሪ ከውስጥ ያብሩ። ብርሃን የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ የማጠፊያው ማዕዘን ላይ ነው። አንድ ሁለት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ከበዛ ግን ቤሎውሱ መቀየር አለበት።

ባለሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ትራይፖዱም፣ የካሜራው አካል ነው። የ3/8 ኢንች ቡሎን ከ1/4 ይበልጥ ይጨብጣል፤ ካሜራው ሁለቱንም ከተቀበለ ትልቁን ይጠቀሙ። የትራይፖዱን የመሃል ዘንግ ወደ ላይ አያርዝሙ። የተዘረጋ ቤሎውስ እንደ ሸራ ነፋስ ስለሚሰበስብ፣ ነፋስ ሲበረታ ረጅሙን ሌንስ ትተው በአጭሩ ይሥሩ። የሹተሩን ኬብል ሳይወጥሩ ይያዙ፤ የተወጠረ ኬብል የእጅን ንቅናቄ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ያደርሳል።