የድሮ ተከታታይ ፊልም በሰፊ ስክሪን፦ ምስሉ ሲዛባ ምክንያቱና መፍትሔው

እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠሩት አብዛኞቹ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞች የተዘጋጁት ስፋቱ 4፣ ቁመቱ 3 ለሆነ ስክሪን ነው፤ ዛሬ በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ በየቤቱ የሚገኘው ፍላት ቲቪ ግን 16 በ9 ነው። አሳታሚዎች አንዳንዶቹን የድሮ ሥራዎች ለዚህ ስክሪን እንዲሆኑ አድርገው በዲቪዲና በብሉሬይ እንደገና አውጥተዋቸዋል፤ ከእነዚህ የተቀዱ ፋይሎችም በፍላሽ ተጭነው ከከተማው ፊልም ቤቶች ወደ አንኮበር፣ ወደ ደነባና ወደ ሸዋ ሮቢት ይሄዳሉ። እስኪደርሱ ድረስ ምስሉ በሦስት ቦታ ሊዛባ ይችላል፦ በእትሙ፣ በማጫወቻውና በቴሌቪዥኑ። ሁለቱን በሪሞት ማስተካከል ይቻላል፤ የእትሙን ጥፋት ግን የትኛውም ሪሞት አያስተካክለውም። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ለመለየት በምስሉ ውስጥ ክብ ነገር፣ ለምሳሌ የግድግዳ ሰዓት፣ ፊት ለፊት ሲታይ ፊልሙን ያቁሙና ስፋቱንና ቁመቱን በማስመሪያ ይለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ምስሉ አልተለጠጠም፤ ምስሉ የጎደለ ከመሰለዎት ምክንያቱ መቆረጥ ነው። እኩል ካልሆኑ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው እጅዎ ላይ ባለው ሪሞት ይቃናል።

ሰዎቹ አጭርና ወፍራም ሆነው ሲታዩ

ቴሌቪዥኑ 4 በ3 የሆነውን ምስል ስክሪኑን እንዲሞላ ወደ ጎን በሲሶ ለጥጦታል። በሪሞቱ ላይ «አስፔክት»፣ «ፒክቸር ሳይዝ» ወይም «ዙም» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው «4፡3» ወይም «ኦሪጅናል» የሚለውን ይምረጡ። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ከፍላሽ ሲያጫውቱ ይህን ምርጫ አይሰጡም፤ ያን ጊዜ ፊልሙን በኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍተው የ«ኤ» ፊደልን 4፡3 እስኪመጣ ድረስ ደጋግመው ይጫኑ። ምስሉ ተለጥጦ የተቀዳ ፋይል እንኳ በዚህ መንገድ ወደ ትክክለኛ ቅርጹ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ተመልሶ ይለጥጠዋል፤ ብልሽት ግን አይደለም። ባለ 32 ኢንች ስክሪን 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ስላለው፣ የ4 በ3 ምስል 53 ሴንቲ ሜትሩን ይዞ በየጎኑ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ጥቁሩ ይህን ያህል ከሆነ ሙሉውን ምስል እያዩ ነው።

ሰዎቹ ቀጭንና ረጅም ሲሆኑ፣ ወይም ጥቁሩ በአራቱም ጎን ሲሆን

ሁለቱም የሚመጡት ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። በዲቪዲ ላይ ሰፊው ምስል ወደ ጎን ተጨምቆ ስለሚቀመጥ፣ የሚያሳየው ቴሌቪዥን መልሶ ካልዘረጋው ሰው ሁሉ ይቀጥናል። ፍላት ቲቪ ካለዎት ቴሌቪዥኑንም የዲቪዲ ማጫወቻውንም 16፡9 ላይ ያድርጉ፤ ጀርባው ትልቅ የሆነው የድሮው ቲቪ ከሆነ ግን ማጫወቻውን «4፡3 ኤልቢ» (ሌተር ቦክስ፣ ከላይና ከታች ጥቁር የሚተወው) ላይ ያድርጉት። ይህንኑ ኤልቢ በፍላት ቲቪ ላይ ከተዉት ደግሞ ምስሉ በአራቱም ጎን በጥቁር ይከበባል። ማጫወቻው ተስተካክሎም ጥቁሩ ካልጠፋ በራሱ በዲስኩ ምስል ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ያን ጊዜ ዙም ማድረግ ምንም ነገር አያጎድልም።

ግንባርና አገጭ ሲቆረጥ፣ ተመልካቹ ማየት ያለበት ነገር ከምስሉ ሲወጣ

በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑ ዙም መጥፋቱን ያረጋግጡ። ከጠፋ በኋላም ክቡ ክብ ሆኖ ሳለ ግንባር የሚቆረጥ ከሆነ ጥፋቱ የእትሙ ነው። 4 በ3 የሆነን ምስል ጎኑ ላይ ምንም ሳይጨምሩ 16 በ9 ለማድረግ ከቁመቱ ሩብ መቁረጥ ግድ ይላል። የአሜሪካው አስቂኝ ተከታታይ ፊልም የሳይንፌልድ ሰፊ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ ሲቀርብ፣ ስለ መንገድ ጉድጓድ በሚያወራው ክፍል ጉድጓዱ ራሱ ከምስሉ ግርጌ ተቆርጦ ቀርቷል።

በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጹት ሥራዎች ነጋቲቫቸው በጎን በኩል ትርፍ ምስል ሊኖረው ስለሚችል፣ አሳታሚው ያንን ከፍቶ ከላይና ከታች የሚቆርጠውን ይቀንሳል። ነገር ግን ያ ትርፍ ቦታ እንዲታይ ታስቦ የተዘጋጀ አልነበረም። በሰፊው የፍሬንድስ እትም በአንዳንድ ትዕይንቶች ዳር ላይ በተዋናዮቹ ቦታ እንዲቆሙ የተደረጉ ተተኪ ሰዎች ይታያሉ። ባቢሎን 5 ደግሞ በሰፊው ዲቪዲ ሲወጣ፣ በኮምፒውተር የተሠሩት ትዕይንቶቹ ለ4 በ3 ብቻ ተዘጋጅተው ስለነበር ተቆርጠውና እንዲጎሉ ተደርገው ደብዝዘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የታደሰ ቅጂ ወደ 4 በ3 ተመልሷል። የስታር ትሬክ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ነጋቲቩን በአዲስ መልክ እየቀዱ በብሉሬይ ሲያወጡት 4 በ3ን አልነኩም፤ በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ የእነርሱ ነው፤ ምክንያቱም ጥራቱን አሳድገው ቅርጹን ጠብቀዋል። ምስልን ማስፋት ሁልጊዜ በግዴለሽነት የሚሠራ አለመሆኑንም መናገር ይገባል፦ የዘ ዋየር ሰፊ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ የፊልሙ ፈጣሪ ዴቪድ ሳይመን በሥራው ገብቶበት ነበር፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ትዕይንት እንደተጠቀመ፣ ሌላው ግን እንደተጎዳ ራሱ ጽፏል።

የተቆረጠ ምስል ስለማይመለስ መፍትሔው ሌላ እትም መፈለግ ብቻ ነው። ፊልም ቤት ሲሄዱ «ጥራት ያለውን» ከማለት ይልቅ «4 በ3 የሆነውን» ብለው ይጠይቁ፤ ከመጫኑም በፊት የምስሉን ስፋትና ቁመት በፒክሰል (በምስል ነጥብ) እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። 1440 በ1080፣ 960 በ720 ወይም 640 በ480 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሙሉው ምስል ነው። 1920 በ1080 ሆኖ በጎኑ ጥቁር ከሌለው ለሰፊ ስክሪን ተቆርጧል ወይም ተለጥጧል ማለት ነው።

የአገራችን የድሮ ድራማና የሠርግ ካሴት ሲቆረጥ

በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ ሥራ በጎኑ የተደበቀ ትርፍ ምስል የለውም። እኛ አገር ይሠራበት በነበረው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚታየው የምስል መስመር 576 ነው፤ ወደ ሰፊ ስክሪን ሲቆረጥ 432 ብቻ ይቀርና ያ ሲጎላ ይደበዝዛል። ስለዚህ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚያስገለብጡ ከሆነ ለባለሙያው በ4 በ3 ልክ እንዲቀዳው፣ ሳይለጥጥና ሳይቆርጥ፣ ጎኑንም በደበዘዘ ምስል ሳይሞላ እንዲያስቀምጠው ይንገሩት፤ ፋይሉንም ቤትዎ ወስደው በክብ ነገር ለክተው እስኪያረጋግጡ ድረስ ካሴቱን አይጣሉት።