የነፍሳት ኢንዛይሞችን ለአዲስ ፀረ-ተባይ ዒላማ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ጊዜና ድካም የሚያስከፍለው የመጀመሪያው ስህተት በሙከራ ቱቦ ውስጥ የታየው ውጤት በተባዩ አካል ውስጥም እንዳለ ይደገማል ብሎ ማመን ነው። አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለው የነርቭ ኢንዛይም ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ኤልማን እ.ኤ.አ. በ1961 ባስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን፣ ኢንዛይሙ እየሠራ ከሆነ በቱቦው ያለው ፈሳሽ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ ከታገደ ግን ቀለሙ ሳይመጣ ይቀራል። ንጹሕ ማላታዮን የሞከረ ጀማሪ ቢጫው እንደተለመደው ሲደምቅ አይቶ ውህዱን ከዝርዝሩ ሊሰርዘው ይችላል፤ ማላታዮን ግን ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለ ፀረ-ተባይ ነው። ምክንያቱ በተባዩ አካል ውስጥ ያሉት ፒ450 የተባሉ ኢንዛይሞች በሞለኪውሉ ላይ ያለውን ሰልፈር በኦክስጅን ተክተው ማላኦክሶን ወደተባለው ዋናው መርዝ የሚለውጡት መሆኑ ነው። በተቃራኒው በቱቦ ውስጥ ኢንዛይሙን ሙሉ በሙሉ የሚያግድ ውህድ ሰም የለበሰውን የተባዩን ቅርፊት አልፎ መግባት ሲያቅተው፣ ወይም ነርቭ ጋ ሳይደርስ ሲፈራርስ፣ አንዲት ትንኝ እንኳ ሳይገድል ይቀራል።

ቢጫው ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ቀለሙ የሚፈጠረው ኢንዛይሙ ከሚለቀው ታዮኮሊን የተባለ ሰልፈር አዘል ሞለኪውል ስለሆነ፣ ከሰልፈር ጋር በቀላሉ የሚጣበቅ ውህድ ኢንዛይሙን ሳይነካ ቀለሙን ብቻ ሊያደበዝዘው ይችላል። በወባ ትንኝና በክሽክሽ ኢንዛይም መግቢያ ላይ የሚገኘውን፣ በአጥቢዎች ኢንዛይም ግን በዚያው ቦታ የሌለውን ሳይስቲን የተባለ ሰልፈር አዘል አሚኖ አሲድ ለማጥመድ የሚሠሩ ውህዶች ለዚህ ወጥመድ በተለይ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ውህዱን ያለ ኢንዛይም ከታዮኮሊን ጋር ብቻ ቀላቅሎ ማየት ሊታለፍ የማይገባው ቅድመ ጥንቃቄ ነው፤ የሚፈጀው ጊዜም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዒላማው በሰው ላይ ስለሌለ ብቻ ውህዱን አደጋ የሌለው አድርጎ መቁጠር ነው። ሰው የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበትን ቺቲን አይሠራም፤ ዳይፍሉቤንዙሮን የተባለው ፀረ-ተባይና ዘመዶቹ የቺቲንን መሠራት ስለሚያውኩ የነፍሳቱ እጭ ቅርፊቱን ሲቀይር ይሞታል። ይሁን እንጂ የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊትም ቺቲን ስለሆነ ወደ ውኃ የሚገባው ቅሪት እነርሱንም ይጎዳል። ቺቲንን የሚሠራውን ሳይሆን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ዒላማ ያደረገ ሰው ደግሞ፣ የሰው አካል ራሱ ቺቲን አፍራሽ ኢንዛይሞች እንዳሉት ሊዘነጋ አይገባም። በሌላ በኩል የኢንዛይሙ በሰውም መኖር ብቻውን ዒላማውን ውድቅ አያደርገውም፤ ማላታዮን ለአጥቢዎች አደጋው ያነሰው ካርቦክሲልኤስተሬዝ የተባሉ የአጥቢዎች ኢንዛይሞች ቶሎ ስለሚያፈርሱት እንጂ የነርቭ ኢንዛይማቸው ስለማይነካ አይደለም።

አንድን ዝርያ የሁሉም ወኪል ማድረግም የተለመደ ስህተት ነው። ለቤተ ሙከራ የምትመች የፍራፍሬ ዝንብ የአሴቲልኮሊንኤስተሬዝ ጂኗ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ትንኝን ጨምሮ ብዙ ነፍሳት ሁለት አላቸው፤ በትንኝ ዋናውን የነርቭ ሥራ የሚያከናውነውም የፍራፍሬ ዝንብ የሌላት ጂን ነው።

የኢንዛይሙ ጂን ሲታፈን ተባዩ ስለሞተ ዒላማው ጥሩ ነው ማለትም ችኮላ ነው፤ የትኛውን ያህል የኢንዛይሙን ሥራ ማገድ እንደሚበቃ ሳይታወቅ ውህድ መፈለግ በጭፍን መጓዝ ነው። ፕሮቲዬዝ የተባሉትን ፕሮቲን የሚፈጩ የሆድ ኢንዛይሞች ለማገድ የሞከሩ ሁሉ የሚያውቁት ነገር አለ፤ አንዱ ሲታገድ አባ ጨጓሬው ሌላውን በብዛት ያመርትና መብላቱን ይቀጥላል።

በመጨረሻም የመቋቋም ችሎታን ጉዳይ ምርቱ ገበያ ከወጣ በኋላ እንደሚመጣ ችግር ማየት ትልቅ ስህተት ነው። በወባ ትንኝም በኪዩሌክስ ትንኝም በአሴቲልኮሊንኤስተሬዝ 119ኛ ቦታ ላይ ያለው ግላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ሴሪን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ መተካቱ ብቻ ሁለት የመድኃኒት ቤተሰቦችን፣ ማለትም ኦርጋኖፎስፌትንና ካርባሜትን፣ ለመቋቋም አስችሏል። የተለወጠው ኢንዛይም ግን ሥራውን በደከመ አቅም ስለሚያከናውን፣ ኢንዛይሙ ሳይሽመደመድ ሊለወጡ የማይችሉትን አሚኖ አሲዶች ከጅምሩ መለየት ይጠቅማል። ተባዩ የተቋቋመው በዒላማው መለወጥ ይሁን መርዙን በማፍረስ ለመለየት ፒ450ን የሚያግደው ፒፔሮኒል ቡቶክሳይድ ይጨመራል፤ መግደሉ ከተመለሰ ጥፋቱ የፒ450 ነው ይባላል። ለማላታዮን ግን ይህ ሙከራ ሊገለበጥ ይችላል፤ ያው ፒ450 መርዙን የሚያነቃውም ስለሆነ።