ሮማንስ ስናነብና ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች (ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ)

ሰሞኑን ከሮማንስ (ከፍቅር ልብወለድ) ውጪ ምንም እያነበብኩ አይደለም፣ ጎን ለጎን የራሴንም እየጻፍኩ ነው፣ እየጻፍኩ ስል አንዱን ይዤ አራቱን ጀምሬ ትቼ ማለቴ ነው። ስለዚህ የማወራው ከሰው የሰማሁትን ሳይሆን ራሴ የተሳሳትኩትን ነው።

አንድ ዓይነት ብቻ መደጋገም። በጠላትነት ጀምረው የሚዋደዱ ጥንዶች ድክመቴ ናቸው፣ ስድስት መጽሐፍ በተከታታይ አነበብኩና መጨረሻ ላይ ማን ማንን እንደሰደበ ተምታታብኝ። ይባስ ብሎ የራሴ ገጸ ባህሪ ያነበብኩትን ሰውዬ አነጋገር ይዞ ቁጭ አለ። አሁን መሀል መሀል ላይ ወንጀልም ይሁን ታሪክ የሆነ ሌላ ነገር አስገባለሁ።

በአንድ ስልክ በሚፈታ ነገር ማጣላት። ይሄኛው ነው ዋናው። የመጀመሪያ ድራፍቴ ላይ ልጅቷ እሱን ከሌላ ሴት ጋር ተቃቅፎ ታየዋለች፣ ምንም ሳትጠይቀው ትሄዳለች፣ ከዛ 140 ገጽ ታለቅሳለች። ሴትየዋ ለካ እህቱ ናት! ጓደኛዬ አንብባ "ለምን አትደውልለትም?" ብላ ብቻ መለሰችልኝ፣ እኔም ዝም። ተናድጄ ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስን እንደገና አነበብኩት፣ በ1813 የታተመውን የጄን ኦስተንን። እዛም አለመግባባት አለ እኮ፣ ግን ዋናው ሰውዬ ዳርሲ ኤልሳቤጥን አግቢኝ ብሏት እምቢ ባለችው በማግስቱ በደብዳቤ ያስረዳታል፣ መጽሐፉ ገና ግማሹ ላይ ነው፣ እና ነገሩ በዛ አያልቅም ምክንያቱም ቤተሰቦቿን ንቆ መናገሩም፣ እህቷን ከምትወደው ሰው ማራቁም እውነት ነው፣ እሷም ቸኩላ መፍረዷ እውነት ነው። የሚቀረው ነገር የሁለቱም መለወጥ ነው። እና ከራሴ ድራፍት እህትየዋን አወጣኋት። አሁን ልጅቷ ድሮ ለሌላ ሰው ብላ ሥራዋን ትታ የተቃጠለች ናት፣ እሱ ደግሞ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ አብረን እንሂድ ይላታል። በየቀኑ ይደዋወላሉ፣ በተደዋወሉ ቁጥር ይብስባቸዋል።

መልክ መቁጠር። ዓይኗ፣ ጸጉሯ፣ ቁመቱ፣ ትከሻው… በሦስተኛው ገጽ ማንም አያስታውሰውም። ሁሌ በሩን እያየች መቀመጥ እንደምትወድ አውቆ ያቺን ወንበር ዝም ብሎ ሲተውላት ግን ልብ ይያዛል።

መሀሉ ሲከብድ አዲስ መጀመር። እኔ 20,000 ቃል አካባቢ ስደርስ ሁሌ የሆነ "የተሻለ" ሐሳብ ይመጣልኛል፣ የተሻለ የሚመስለው መሀሉን ገና ስላላየሁት ነው እንጂ እሱም እዛው ጋ ይከብዳል። አሁን ሐሳቡን በአንድ መስመር ስልኬ ላይ ጽፌ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ (ሁሌ አይደለም)።

ቃል መቁጠርም ያው ነው፣ ናኖራይሞ የሚባለው የልብወለድ መጻፊያ ዘመቻ በ30 ቀን 50,000 ቃል ይል ነበር፣ በቀን 1,667 አካባቢ ማለት ነው። ለሰነፍ ይጠቅማል አልዋሽም፣ ግን ቁጥሩን ለመሙላት ዝናብ ሦስት ጊዜ አዘነብኩ።

አንባቢን መጨረሻ ላይ መክዳት። በሮማንስ ዘውግ አንባቢ ገንዘቡንም ሌሊቱንም የሚሰጠው ጥንዶቹ መጨረሻ ላይ አብረው እንደሚሆኑ አምኖ ነው። በ1958 ዓ.ም የወጣው ፍቅር እስከ መቃብር ከፍቅር ታሪኮች ሁሉ የምወደው ነው፣ ግን በዚህ ስሌት ሮማንስ አይደለም፣ ሐዲስ ዓለማየሁም አላታለሉንም፣ ርዕሱ ላይ ነግረውናል። እኔ ግን ሽፋኑን በአበባ አስውቤ ልጁን በመኪና አደጋ ልገድለው ነበር፣ ለምን ብትሉኝ መጨረሻው ጠፍቶብኝ። ጓደኛዬ አሁን ያቺን ምዕራፍ መልሼ እስክጽፋት ድረስ ሌላ ገጽ አላነብልሽም ብላኛለች።