የኦአርኤስ ውሃ በሃይላንድ ሲለካ
ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ስትበጠብጡ ውሃውን በብርጭቆ ከመገመት ይልቅ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ መለኪያ አድርጉ፤ የአንድ ሊትሩ ፓኬት ልክ ሁለት ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። (ሁሉም ፓኬት የአንድ ሊትር ስላልሆነ ጽሑፉን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።) የጨቅላ ኩላሊት ገና ስላልጠነከረ፣ ጨው እንዲቆጠብ ለሚያዘው ሆርሞን ለአልዶስትሮንም ሆነ ውሃ እንዲቆጠብ ለሚያዘው ሆርሞን ለቫሶፕሬሲን እንደ አዋቂ ኩላሊት አጥብቆ አይታዘዝም፤ ስለዚህ ብጥብጡ ቢወፍር ጨው በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ቢቀጥንም በተቅማጥ የወጣው ጨው በቅጡ አይተካም። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በሻይ ማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ዐይኑ የሰረጎደ፣ የፈዘዘ ወይም መጠጣት ያቃተው ሕፃን ግን በዚህ ዘዴ ቤት ውስጥ የሚያዝ አይደለም፤ ወዲያውኑ ጤና ተቋም ይወሰድ።