በድሬዳዋ የጋራ እራት ሲያሰናዱ
በድሬዳዋ በምግብ ቤት ለ10 ወይም ለ15 ሰው እራት የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የተጋባዦቹን ማዕድ ሊያስብ ይገባዋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአብዛኛው የየራሱን እርድ ብቻ ስለሚበላ፣ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ምግብ ቤቱን ቀደም ብሎ በስልክ መጠየቅ ማንንም ሳያሳፍር ጉዳዩን ይፈታል። እራቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ የጾሙ ምግብ በተለየ ድስት መሠራቱን ያረጋግጡ፤ ጿሚው እንግዳ የተረሳ እንዳይመስለው በያይነቱ ተሟልቶ እንዲቀርብለት ማዘዝ በእኔ እምነት የጋባዡ ግዴታ ነው። ከተማው ሞቃት በመሆኑ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወይም በግቢ ውስጥ ያለ ሰፊ መቀመጫ ከተዘጋ አዳራሽ ይመረጣል። በረመዳን ከሆነ ጠረጴዛው ከመግሪብ (ጾም ከሚፈታበት የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት) በፊት ይያዝ። የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑንም ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ።