የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች በገዛ ኑሯቸው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሚታየውን ብቻ መቁጠር። ካዛንቺስ ለስብሰባ የመጣ ተሟጋች ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ሃይላንድ አስነስቶ በብርጭቆና በጆግ ማስተካቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ከፒያሳ ብቻውን በቤንዚን መኪና ከመጣ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ በሚኒባስ ታክሲ ተጠጋግቶ ከመጣው ሰው ይልቅ ብዙ ነዳጅ አቃጥሏል። ወቀሳው ግን ዘወትር የሚያርፈው በፌስታሉ ላይ ነው።

ኤሌክትሪኩ ከውኃ ስለሚመነጭ እንዳሻን ብንጠቀም ጉዳት የለውም ማለት። ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠቀም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ መብራቱ ሲጠፋም ጎረቤቱ ከሰል ያቀጣጥላል፣ ፎቁ የናፍጣ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ባለ 10 ዋት አምፖል 300 ያህል ስለሚያክል፣ የኮሪደሩን መብራት ለማጥፋት ከመሯሯጥ ይልቅ እንጀራውን ቀን ቀን፣ ምጣዱ አንዴ እንደጋለ አከታትሎ መጋገር ይሻላል።

የመርሁን ሸክም በሌላው ጫንቃ ላይ መጣል። «ከዛሬ ጀምሮ ከሰል እዚህ ቤት አይገባም» ብሎ ማወጅ ቀላል ነው። የቤት ሠራተኛዋ «እትዬ፣ መብራት ሲጠፋ ወጡን በምን ልሥራው?» ብላ ስትጠይቅ መልስ ከሌለ፣ አዋጁ የእርሷን ድካም ከማብዛት አያልፍም። በእኔ እምነት ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ከማወጁ በፊት የቡታጋዝ ሲሊንደሩ መሞላቱን ማረጋገጥ፣ ይህ ካልተቻለም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል የሚፈጀውን ላቀች ምድጃ መግዛት የቤቱ እመቤት ፈንታ ነው።

እንከን የለሽ እስክሆን ዝም እላለሁ ማለት። እንዲህ ከሆነማ የሚናገር አይገኝም።

ለዘመቻው ሲባል የሚባክነውን ከሂሳብ ማውጣት። በክረምት ወደ እንጦጦ ለተከላ የሚወጣ ቡድን በየዓመቱ አዲስ ቲሸርት ያሳትማል፤ አንድ የጥጥ ቲሸርት ለማምረት ግን ወደ 2,700 ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ማሳተሙ ግድ ከሆነ ለከርሞም እንዲለበስ ዓመተ ምሕረት አይጻፍበት። ችግኙ የመጣበት ጥቁር ላስቲክም ሥሩን እንዳያንቀው ከመትከል በፊት ይቀደዳል፤ የተቀደደውን ሰብስቦ በጆንያ ወደ ከተማ የሚመልስ ሰው አስቀድሞ ካልተመደበ ከጉድጓዱ አጠገብ ተጥሎ ይቀራል።